ባትሪው የማንን ቻርጀር ይወድዳል?

አንባቢዎች ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የደሴን መንገድ ይዛችሁ፣ ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በተራራው ላይ ጅብራ ቆሞ ይታያል፤ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ከቆላው የሚወጣው ጉም አንዳንድ ቀን በእኩለ ቀን እንኳ ሹፌሩን መብራት ያስበራዋል። መኪናው ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ባስፈለፈለው ዋሻ ገብቶ በዚያኛው አፍ ሲወጣ ደብረ ሲና ከታች ትታያለች። መንገደኛ ስለ ጣርማ በር የሚያውቀው ይህን ያህል ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዋሻውም ስለ ጭላዳውም አይደለም፤ ስለ አንድ ባትሪና ስለ ቻርጀሩ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የአንድ ሽማግሌ አናጢ እንጀራና የአንድ ወጣት መምህር ክብር የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነበር።

በሰፈራችን አንድ አናጢ አሉ። ዕድሜአቸው ከስድሳ አልፏል። እጃቸው ያላረፈበት በርና መስኮት በአካባቢው ጥቂት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በመዶሻ፣ በመጋዝና በእጅ መሰርሰሪያ ስለ ሠሩ ቀኝ ትከሻቸው ከድቷቸዋል፤ ክንዳቸውን ከጆሮአቸው በላይ ማንሣት አይችሉም። ከመብራት ጋር የሚሰካ ትራፓኖ ነበራቸው፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቀን ከእንጨት ቁራጭ አይሻልም፤ አዲስ ቤት የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽቦ ገና ባልደረሰበት ቦታ ነው። ይህን የምታውቀው፣ በአሜሪካን አገር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ዓምና ለገና ስትመጣ ሽቦ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ከሁለት ባትሪና ከአንድ ቻርጀር ጋር አመጣችላቸው። ሽማግሌው ዕቃውን ተቀብለው እንደ ሕፃን አቀፉት። ክብደቱን በግራ እጃቸው መዘኑና «ይህስ ትከሻ አይጠይቅም» አሉ።

በነገራችን ላይ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፑንታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጣልያን ሄዷል፤ ዋሻውና የመሣሪያው ስም ግን ከእኛ ጋር ቀርተዋል። የአሜሪካኑ ትራፓኖ ግን ስሙ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩም የሌላ አገር መሆኑን በዚያ ቀን ማናችንም አላሰብነውም።

በማግሥቱ አናጢው ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ፊዚክስ አስተማሪ ስለ ሆንሁ በሰፈሩ ውስጥ ሬዲዮ ቢበላሽ፣ አምፖል ቢቃጠል የሚጠራው እኔ ነኝ። ስደርስ ቻርጀሩን በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ ስለ ሆነ ከእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት አልገባም።

«መምህር፣ ከጀርባው ጽሕፈት አለበት። ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይደል ጋሼ፤ የፋብሪካው ስም ነው። የቸገረን መሰኪያው ብቻ ነው» አልሁና ከኪሴ መቀየሪያ አወጣሁ።

አንባቢዎች ሆይ፤ ጽሕፈቱን አላነበብሁትም። አራት መሥመር ነበር። ሰካሁት። አንድ ጊዜ እንደ ርችት ጧ አለ፤ ከዚያም ነጭ ጢስ ወጣ፤ ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። ደግነቱ ባትሪው ገና አልገባበትም ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡም። ብቻ ያን ነጭ ጨርቅ አንሥተው አጠፉት። ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ቤቴ ወስጄ ጽሕፈቱን አነበብሁ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑን ደግሞ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኃይል አጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። ቻርጀሩን ስከፍተው አንዲት ካፓሲተር ፈንድታለች፤ በላይዋ 200 ቮልት የሚል ተጽፎባታል። 220 ቮልት የተባለው መብራት በጫፉ ላይ 311 ቮልት ይደርሳል፤ እንግዲህ ምን ታድርግ?

ስሕተቴ ከየት እንደ መጣ ስመረምር ከኪሴ ነው ያገኘሁት። የእጅ ስልኬ ቻርጀር ከጀርባው «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ይላል። ኮምፒዩተሬም እንደዚሁ። እነዚህ በየትኛውም አገር ቢሰኩ ራሳቸውን ከመብራቱ ጋር ያስማማሉ። ስለዚህ የዛሬ ዘመን ቻርጀር ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ለአሜሪካን ገበያ የሚሠራው የሥራ መሣሪያ ቻርጀር ግን ብዙው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። ይህን ባለማወቅ ከውጭ በጓዝ የመጣ ስንት ዕቃ በየቤቱ ጢስ ሆኖ እንደ ቀረ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለ ባትሪው ጥቂት ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አይገባም። ባትሪ የሚበላ ሽቦ አልባ ትራፓኖ ለገበያ ያወጣው ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካን ፋብሪካ ሲሆን ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1961 ዓ.ም. ነበር። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች የጨረቃን መሬት የበሱበትን መሰርሰሪያ ሞተርም የሠራው ይኸው ፋብሪካ ነው፤ በጨረቃ ላይ ሶኬት የለምና። የዚያን ጊዜው ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ይባላል። ዛሬ በቦታው የገባው ሊቲየም አዮን ነው። ይህን ያስገኙት ሦስት ሊቃውንት፣ ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ፣ የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጣቸው የተነገረው መስከረም 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ነበርሁ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰላሙ ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መሰጠቱ ስለ ተነገረ የአገራችን ወሬ ሁሉ ያ ሆነና የባትሪውን ነገር ብዙ ሰው አልሰማውም። ጉድኢናፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር።

የትራፓኖው ባትሪ በውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሲከፈት ግን በውስጡ የጣት ያህል የሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረዋል። አንዱ የሊቲየም ባትሪ በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል። አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ። በኒኬል ካድሚየም ግን አንዱ 1.2 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ 18 ለመድረስ 15 ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሁለቱም በጀርባቸው «18 ቮልት» ብለው ቢጽፉም ጠባያቸው እንደ በሬና እንደ ግመል የተለያየ ነው። የኒኬሉ ቻርጀር ባትሪው ሲጠግብ ቮልቱ ጥቂት ዝቅ ማለቱን አይቶ ያቆማል። ሊቲየም ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም፤ እያንዳንዱ 4.2 ቮልት፣ አምስቱ በአንድነት 21 ቮልት ሲደርሱ ቻርጀሩ ራሱ ማቆም አለበት። ካላቆመ ባትሪው ይሞቃል፤ ያብጣል፤ ይቃጠላል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ወራት አለፉ። ክረምት ሲገባ አናጢው ለመስከረም የሚደርስ የተማሪዎች ዴስክ ጥገና ተኮናተሩ፤ ቀብድም ተቀበሉ። ዴስኩ ብዙ ነው፤ ትከሻቸው አልተሻለም፤ ትራፓኖው ከነባትሪው በመደርደሪያ ላይ ተኝቷል። በዚህ መካከል አንድ የጋራዥ ሰው መጣና «ይህ ምን ያስቸግራል? በከባድ መኪናው ቻርጀር ሁለት ሽቦ አገናኝቼ በአንድ ሰዓት እሞላላችኋለሁ» አላቸው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ባትሪውን ይዘው ሊሄዱ ሲነሡ እኔ ደረስሁ።

የከባድ መኪና ባትሪ 24 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩም እስከ 28 ቮልት ድረስ ይሰጣል። 28 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5.6 ይደርሰዋል፤ ሊቲየሙ የሚችለው ግን 4.2 ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የትራፓኖው ባትሪ ከሁለቱ ዋና ጥርሶች ሌላ በመካከል ትንንሽ ጥርሶች አሉት። እነዚህ «ሞቄአለሁ፣ አቁም» እያሉ ለቻርጀሩ የሚናገሩ ናቸው። ሁለት ሽቦ ብቻ ሲገናኝ ባትሪው አፉ ተይዞ ይመገባል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ተናገርሁ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝና «መምህር፣ የአንተን ምክር አንድ ጊዜ ሰምቼ ነበር» አሉኝ።

ምን መልስ አለኝ? እውነታቸውን ነው። የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ሳያነብ ከተናገረ፣ በኋላ አንብቦ የሚናገረውም እንደማይታመን ያን ቀን ተረዳሁ። ሂሳቡን ትቼ ወደ ቤቴ ሮጥሁና ያበጠ የስልክ ባትሪ አመጣሁ። እንደ ትራስ ተነፍቷል። «ጋሼ፣ ይህ የኪስ ባትሪ አንድ ነው። የእርስዎ አምስት ነው፤ እያንዳንዱም ከዚህ ይበረታል። ቤትዎ ደግሞ መላጊያ መላጫ የሞላበት ነው» አልኋቸው። ያበጠውን ባትሪ አገላብጠው አዩና የትራፓኖውን ባትሪ መልሰው ከመደርደሪያው ላይ አኖሩት። ያን ክረምት በየቅዳሜው እየሄድሁ የእጅ መሰርሰሪያውን እኔ አዞርሁላቸው። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ስለ ትከሻቸውም ከዚያ በፊት ያልገባኝ ነገር ገባኝ።

በዚሁ ጊዜ ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋገርንና መፍትሔ ፈለግን። እዚህ ላይ ነው የሥራ መሣሪያ ባትሪ ዓለም እንዴት የተበታተነ መሆኑን ያየሁት። እያንዳንዱ ፋብሪካ ባትሪው የሚገባበትን ጎድጓዳ በራሱ ልክ ይቀርጸዋል። የማኪታ ባትሪ ለዴዋልት አይሆንም፤ የዴዋልት ለሚልዋኪ አይሆንም። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፦ የቦሽ አረንጓዴው የቤት መሣሪያና ሰማያዊው የባለሙያ መሣሪያ ሁለቱም 18 ቮልት ሲሆኑ ባትሪያቸው አይለዋወጥም። የማኪታ 18 ቮልት ባትሪም በ40 ቮልቱ መሣሪያ አይገባም፤ በ40 ቮልቱ ቻርጀር ለመሙላት ፋብሪካው ለብቻው የሠራው ማገናኛ ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ባትሪውን የገዛ ሰው ቀጥሎ መጋዙንም መላጊያውንም ከዚያው ቤት ይገዛል። ይህን የሚያሻሽሉ አልጠፉም። በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. ሜታቦ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ አንድ ዓይነት ባትሪ በብዙ ፋብሪካዎች መሣሪያ እንዲሠራ አድርጓል። ዳሩ ግን ትልልቆቹ ሁሉ በአንድ ማዕድ ገና አልቀረቡም።

የእኛ ባትሪ በጀርባው «20 ቮልት ማክስ» ይላል። የልጃቸው ጓደኛ በነሐሴ ከአውሮፓ ስትመጣ የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ዓይነት፣ በ230 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ገዝታ አመጣች፤ ዋጋውን ከፊሉን እኔ ከደመወዜ ከፈልሁ። መሰኪያው ክብ ጥርስ ያለው ነው፤ ከሶኬታችን ያለ መቀየሪያ ገባ። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ «18 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል። ሽማግሌው ቁጥር ያውቃሉ፤ 20 እና 18 እኩል እንዳልሆኑ ነገሩኝ። በዚህ ጊዜ ግን ቀድሜ አንብቤ ነበር። በአሜሪካን አገር አንዳንድ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ባትሪው ሞልቶ ሥራ ሳይጀምር የሚያሳየውን ትልቁን ቁጥር ነው፤ አውሮፓ ግን በአማካይ የሚሰጠውን ይጽፋሉ። ያው አምስት ባትሪ ነው። አንዱ ጥሬውን ሰፍሮ፣ ሌላው ተበጥሮ ሰፍሮ እንደሚሸጥ ነጋዴ ማለት ነው። ለዴዋልት ይህ እርግጥ ነው፦ የአሜሪካኑ 20 ቮልት ማክስና የአውሮፓው 18 ቮልት ኤክስ አር አንድ ናቸው። ለሁሉም ፋብሪካ ግን እንዲህ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ስሙና ዓይነቱ መመሳከር አለበት።

ከመሰካታችን በፊት ሽማግሌው ቻርጀሩን ገልብጠው ጀርባውን ሰጡኝና «በል፣ አንብበው» አሉኝ። አራቱንም መሥመር ጮክ ብዬ አነበብሁ። ሰካነው። ትንሽዋ ቀይ መብራት ብልጭ አለች፤ ጢስ አልነበረም። ዴስኮቹ በጳጉሜን አለቁ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጣርማ በር ግን የራሱ ጠባይ አለው። በኅዳር፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሶ ባደረበት ጧት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ቻርጀሩ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል እንጂ አይሞላም። የሽማግሌውን ፊት ሳይ ያች የጥር ጧት ትዝ አለችኝ። ባትሪውን ስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ሌሊቱን በሥራ ቤቱ መስኮት ሥር ነው ያደረው። ሊቲየም በውርጭ ሲሞላ በውስጡ ወዳለው ካርቦን መግባቱን ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ይህም ባትሪውን ያስረጀዋል፤ ከከፋም በውስጡ እንዲገናኝ ያደርገዋል። ደኅና ቻርጀር ይህን ስለሚያውቅ ባትሪው እስኪሞቅ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ባትሪ ሲሞላ ከ5 ወይም ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሁን ይላሉ። ስለዚህ ባትሪውን ከምድጃው ዳር ሳይሆን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንዲይዙት ነገርኋቸው። ቡና እስኪፈላ ታቅፈውት ቆዩ። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ ባትሪው ተመለሰ፤ መብራቷም ሥራዋን ጀመረች። በሸዋ ሮቢት ቆላ የሚሠሩ አናጢዎች ግን ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ በሥራ የጋለ ባትሪ በፀሐይ ላይ ሳለ ቻርጀሩ አልቀበልም ቢላቸው አይደነቁ፤ ጥላ ሥር ያሳርፉት።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከውጭ ዘመድ የሚላክላችሁ ወይም ከገበያ የምትገዙ ብትሆኑ አራት ነገር አስተውሉ። መጀመሪያ፣ ከቻርጀሩ ጀርባ የሚገባው ቮልት ስንት እንደ ሆነ አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ መሰኪያ መቀየሪያ አያድነውም። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ፣ ዋቱ ከቻርጀሩ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ግን የ220 ቻርጀር መግዛት ይሻላል። ሁለተኛ፣ የባትሪውን ዓይነት፣ ሊቲየም ወይም ኒኬል መሆኑን፣ ከቻርጀሩ ጋር አመሳክሩ፤ «ገብቶለታል» ማለት «ተስማምቶታል» ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ መሣሪያ ስትገዙ ከመጀመሪያው ባትሪ ጋር የሚሄደውን ምረጡ፤ ያለ ባትሪ የሚሸጠው በዋጋ ይረክሳልና። አራተኛ፣ ዘመዳችሁ ባትሪውን በአውሮፕላን ሲያመጣ በሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዘው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል አይፈቀድም፤ በእጅ የሚያዘውም ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 90 ይሆናልና ያልፋል።

ቀሪው የእኔ ጉዳይ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ቮልት ሳስተምር ያችን የፈነዳች ካፓሲተር ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ ማን እንዳፈነዳትም አልደብቅም። ይሥቃሉ፤ ይሣቁ። አናጢው ደግሞ በሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከሶኬቱ በላይ በቀይ ቀለም 220 ብለው በትልቁ ጽፈዋል። ፈረንጅኛ ባያነቡም ቁጥር ያውቃሉና፣ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ጀርባውን ገልብጠው ከግድግዳው ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ያመጣውን አንድ የውኃ ማፍያ እንዲህ ሲመረምሩ ደረስሁ።

«ይህ 110 ይላል» አሉኝ ቀና ብለው፤ «መምህር፣ አንተ ሳትመጣ ብሰካው ኖሮ ጥፋተኛው እኔ ነበርሁ።»